የመኪናው ናቪጌሽን ወይስ የስልክ ካርታ? በጎጃም መንገድ ለምትነዱ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ስክሪን እገጥማለሁ፣ የኋላ ካሜራ እዘረጋለሁ፣ ዕቃ ሲያልቅብኝ ደግሞ ራሴ እየነዳሁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ እሄዳለሁ። ደንበኞቼ ከዋጋው ቀጥለው የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከመኪናው ጋር የመጣው ናቪጌሽን ይታመናል ወይስ የስልኩ?»

እኔ ይህን ጥያቄ ለሦስት ከፍዬ ነው የምመልሰው። አሁን የት ነኝ? መንገዱ ወዴት ይሄዳል? መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው? የመጀመሪያውን መኪናው ከስልኩ የተሻለ ሊያውቀው ይችላል። ሁለተኛውን እኛ አገር ላይ ብዙ ጊዜ ስልኩ ይበልጣል። ሦስተኛውን ግን ከከተማ ከወጣን በኋላ ሁለቱም አያውቁትም። ሰው የሚጎዳው ይህን ሦስተኛውን ከስክሪን ሲጠብቅ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ስክሪናችሁን ለዩ

«ናቪጌሽን አለው» የተባለ መኪና ሁሉ አንድ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ተነድቶ የመጣ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ከሆነ ውስጡ ያለው ካርታ የጃፓን ብቻ ነው። ቁልፉን ስታዞሩ በሴት ድምፅ የምትሰሙት ጃፓንኛም ብዙውን ጊዜ የክፍያ መንገድ ካርድ እንዳልገባ የሚያሳስብ ነው፤ መንገድ እየመራችሁ አይደለም። የትራፊክ ወሬ የሚቀበልበት ቪክስ የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እዚያው ጃፓን ውስጥ በኤፍኤም ሞገድና መንገድ ዳር በተተከሉ መሣሪያዎች የሚሠራጭ ስለሆነ እኛ ጋ ምንም አይደርሰውም። ራዲዮው ራሱ ከ76 ጀምሮ 90 አካባቢ የሚያበቃ ነው፤ ከእኛ ከ88 እስከ 108 ካለው የኤፍኤም መስመር የሚይዘው ጫፉን ነው። «ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ልቀይርላችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን ያዙ። ቋንቋው ቢቀየር ካርታው አይቀየርም።

ለቻይና ገበያ ተሠርተው የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም እንደዚያው ናቸው። ስክሪኑ ትልቅና የሚያምር ነው፣ የተጫነበት ካርታ የቻይና ነው።

የኢትዮጵያ ካርታ ተጭኖባቸው የመጡ ፒካፖችና ላንድክሩዘሮች አሉ። እነዚህ ይጠቅማሉ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ግን ካርታው የተሠራበትን ዓመት እዩ። ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ እየነዳችሁ መፈተን ትችላላችሁ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀው ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው፤ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ድልድዩ ላይ እየሄዳችሁ ስክሪኑ ቀስቱን ውኃው መሀል ካሳየ፣ ካርታው ድልድዩን አያውቀውም። ያን ድልድይ ያላወቀ ካርታ ከዚያ ወዲህ የተከፈተውን ሌላ መንገድም አያውቅም።

አሮጌ ስክሪን ቀኑን ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወደኋላ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ጂፒኤስ ሳምንት የሚቆጥረው እስከ 1,024 ድረስ ነው፣ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ መጨረሻ የተመለሰው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ነበር። ቀኑ ተሳስቶ ቦታው ልክ ሊሆን ይችላል።

አሁን የት ነኝ?

ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው «ኔትወርክ ስለሌለ ጂፒኤሱ አልሠራም» የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው። መቀበያው ቢያንስ የአራት ሳተላይት ምልክት ከያዘ ቦታውን ያሰላል፤ ሲም ካርድም ጥቅልም አያስፈልገውም። ኢንተርኔት የሚያግዘው መጀመሪያ ላይ ቶሎ እንዲያገኝ ነው። ያለ ዳታ ስልኩ የሳተላይቶቹን መረጃ ራሱ ከሰማይ መቀበል አለበት፣ እሱ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ገና ከተማ ውስጥ ኔትወርክ እያላችሁ ካርታውን ከፍታችሁ ሰማያዊው ነጥብ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ውጡ። ነጥቡን የከበበው ገረጣ ያለ ክብ በሰፋ ቁጥር ስልኩ ቦታውን እየተጠራጠረ ነው። ነጥቡ ግራጫ ከሆነ ደግሞ አሁን የት እንዳላችሁ አያውቅም፤ የሚያሳያችሁ ቀድሞ የነበራችሁበትን ነው።

ፋብሪካ የገጠመው ናቪጌሽን በዚህ በኩል ብልጫ አለው። ከጎማው የፍጥነት ምልክት ይደርሰዋል፣ መኪናው ወዴት እንደታጠፈ የሚለይ ጋይሮም አለው። ሰማዩ ሲጋረድበት በምን ፍጥነት ስንት ሜትር እንደሄደ፣ ስንት ዲግሪ እንደዞረ እያሰላ ይቀጥላል። ዓባይ በረሃ ውስጥ መንገዱ እጥፍ እጥፍ እያለ ሲወርድ አንዱ መታጠፊያ ከሌላው በላይ ነው፤ እዚያ ላይ የስልኩ ቀስት ወደ ላይኛው መንገድ ሊዘል ይችላል፣ የፋብሪካው ግን መስመሩን ይዞ ይወርዳል።

እኛ በየጋራዡ የምንገጥመው አንድሮይድ ስክሪን ግን ከዚህ አይቆጠርም። መልኩ የመኪና ነው እንጂ ሥራው የስልክ ነው፤ አብዛኛው የፍጥነት ሽቦው ሳይያያዝ የሚገጠም ነው። ከዚያ የባሰው ግን አንቴናው ነው። ከስክሪኑ ጋር የክብሪት ሳጥን የምታክል ጥቁር ካሬ አብራ ትመጣለች፣ ከሥሯ ማግኔት አላት፣ ረጅም ቀጭን ሽቦ ይከተላታል። የጂፒኤስ አንቴናዋ እሷ ናት። የሚቸኩል ገጣሚ ጠቅልሎ ከስክሪኑ ጀርባ ብረቱ መሀል ይወትፋታል። ከዚያ ባለቤቱ «ስክሪኑ ቦታ ያሳስታል» እያለ ይኖራል። ይህ ሥራ በእውነት ያናድደኛል፤ ተጨማሪ ሩብ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ነገር ነው። አንቴናዋ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ማግኔቱ ወደ ታች ፊቷ ወደ ሰማይ ሆና መቀመጥ አለባት። በላይዋ ላስቲክ ወይም ጨርቅ ቢኖር አይጎዳትም፣ ብረት ግን ይጋርዳታል። የፊት መስታወታችሁ ብረት ያለበት የፀሐይ መከላከያ ከተለጠፈበትም ምልክቱ ይቀንሳል።

ገጣሚውን ከመሸኘታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሳተላይት ብዛት የሚያሳይ አፕ አስጭኑ። መኪናውን ከጣሪያ ሥር አውጥታችሁ ገላጣ ቦታ አቁሙና የያዛቸውን ሳተላይቶች ቁጠሩ። ስልካችሁ በርካታ ይዞ ስክሪኑ ሦስትና አራት ላይ ከቀረ ዳሽቦርዱ ይፈታ በሉ። ሂሳብ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።

መንገዱ ወዴት ይሄዳል?

እዚህ ላይ ስልኩን ያዙ፣ ግን አስቀድማችሁ አዘጋጁት። በመነሻችሁ ዋዜማ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ጎግል ማፕን ከፍታችሁ የኦፍላይን ካርታ አውርዱ። ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ አንድ ላይ አልበቃ ካለ ደጀን ላይ ከፍላችሁ በሁለት አውርዱት። የወረደ ካርታ ጊዜው ስለሚያልፍ ካልታደሰ ይጠፋል፤ ከወራት በፊት ያወረዳችሁትን ሳታዩ አትመኩበት። ኦፍላይን ሲሆን የትራፊክ ቀለምም ሆነ አማራጭ መንገድ አያሳይም።

ከጎኑ ኦርጋኒክ ማፕስን ጫኑ። ካርታው ከኦፕንስትሪትማፕ፣ ማለትም በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት የዓለም ካርታ የተወሰደ ነው፤ የኢትዮጵያን አንዴ ካወረዳችሁ መፈለጉም መምራቱም ያለ ኢንተርኔት ነው። ወደ ሰከላ ወይም ወደ ደብረ ኤልያስ ቀበሌዎች ስገባ ሁለቱን አስተያይቼ ነው የምሄደው። ሁለቱ ከተስማሙ እነዳለሁ፣ ካልተስማሙ መስኮት ዝቅ አድርጌ ሰው እጠይቃለሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና መድረሻችሁን ፈልጉ። ቦታው ከተገኘ፣ መስመሩም ከተሰመረ፣ ተዘጋጅታችኋል። ካልሆነ ገና ቤታችሁ ስለሆናችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ።

ስም ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። «ግሽ ዓባይ» ብትሉ የዓባይ ምንጭ ያለበት የሰከላው ቦታ አለ፣ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥም ግሽ ዓባይ አለ። «አዲስ ዓለም» ባሕር ዳርም አለ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብም አለ። ኮሶበርና እንጅባራ ደግሞ አንድ ከተማ ሆነው ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ሊያውቀው ይችላል። በግዕዝ ፊደል ያልተገኘውን በላቲን ሞክሩ፤ ሞጣን አንዱ በአንድ ቲ፣ ሌላው በሁለት ቲ ይጽፈዋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን የምትሄዱበት ሰው ያለበትን ቦታ በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ማድረግና ኔትወርክ ሳይጠፋ ካርታው ላይ ማስቀመጥ ነው።

መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው?

የጎግል ማፕ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለም የሚመጣው በመንገዱ ላይ ካሉት ስልኮች ነው። ዳታና ሎኬሽን የከፈተ ስልክ ፍጥነቱን ይልካል፤ ብዙ ስልክ ከቀዘቀዘ መንገዱ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በርሊን ውስጥ አንድ አርቲስት 99 ስልኮች በእጅ ጋሪ ጭኖ በባዶ መንገድ ላይ በዝግታ ሲጎትት ካርታው መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ቀይ አሳየ።

እኛ ጋ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢ ተበላሽቶ መንገድ ይዘጋል፣ ከኋላው ሲኖትራኩ፣ አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ ይሰለፋል። ኔትወርኩ ከተቆራረጠ፣ የሹፌሮቹም ዳታ ከተዘጋ፣ ለካርታው ማንም የነገረው የለም። መንገዱ ቀይ አይሆንም። ያለ ቀለም ይቀመጣል፣ እናንተም «ነፃ ነው» ብላችሁ ትወርዳላችሁ። አረንጓዴ ማለት መኪና እየሄደ ነው ማለት ነው፤ ቀለም የሌለው መንገድ ግን ወሬው አልደረሰኝም ማለት ነው። ይህን ልዩነት ሹፌር ሁሉ ቢያውቅልኝ እወዳለሁ። በክልላችን ኢንተርኔት ተዘግቶ በቆየባቸው ወራት ካርታው ላይ ስለ ትራፊክ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ መንገዱ ላይ ግን ብዙ ነገር ነበር።

ስለዚህ ይህን ሦስተኛ ጥያቄ የምትጠይቁት ሰው ነው። ደጀን ላይ አንድ ጎሚስታ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ አንድ ምግብ ቤት፣ ቡሬና ዳንግላ ላይ አንድ አንድ የመነሃሪያ ሰው ስልክ ይኑራችሁ። አጠያየቁ ላይ ነው ቁም ነገሩ። «መንገዱ ሰላም ነው?» ካላችሁ «ሰላም ነው» ይሏችኋል፣ የሰላምታ መልስ ነውና። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «እንዴት አደርክ ወንድሜ፣ ከወዲያ የመጣ መኪና ደጀን ገባ? መጨረሻ የገባው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ሰዓት የሌለው ወሬ የትናንት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ «ራስህ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ብላችሁ ለዩ። ሰምቶ ከሆነ ያየውን ሰው ስልክ ተቀበሉ። መንገዱ ተዘግቷል ከተባለ አማራጭ ፍለጋ ካርታ አትክፈቱ፤ ካርታው የሚያወጣላችሁ የገጠር መንገድ ክፍት ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም። ባላችሁበት ከተማ እደሩ።

ከአዲስ አበባ ለምትመለሱ፣ ደጀን ላይ ባሕር ዳር የሚያስገቡ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ በሞጣ፣ ሌላው በደብረ ማርቆስ፣ ቡሬና እንጅባራ። በሞጣ ስለሚያጥር አፑ ወደዚያ ሊመራችሁ ይችላል። የሚመርጠው በኪሎ ሜትርና በግምት ሰዓት ነውና መታጠፊያው ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ለሁለቱም መስመር ደውላችሁ ራሳችሁ ወስኑ።

አፑ የሚሰጠውን የመድረሻ ሰዓትም እንዳለ አትውሰዱት። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ከተጫነ ተሳቢ ኋላ ከተሰለፋችሁ ዳገቱ የሚያልቀው በእሱ እርምጃ ነው። የክረምት ጉም፣ ናዳ፣ የገበያ ቀን የሚነዳው ከብት፣ ኬላ፣ ይህ ሁሉ በሰዓቱ ውስጥ የለም። በቀን ለመግባት የምትነሱ ከሆነ ሰፊ ትርፍ ሰዓት ያዙ።

በረሃው ውስጥ ስልኩን ከመስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ደጀን ብርድ ስለነበር ተዘንግቶ እየተቻረጀ መስታወት ሥር የቆየ ስልክ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ግሎ ሊዘጋ ይችላል። የኤሲ መውጫው ላይ ስቀሉት፣ ወይም ከጎናችሁ ለተቀመጠው ሰው ስጡት።

ዳገቱን ወጥታችሁ፣ ፍቼንና ጫንጮን አልፋችሁ ሱሉልታ ስትደርሱ ግን ዳታችሁን ክፈቱ። ወደ አዲሱ ገበያ መውረጃው ላይ ስልክ ብዙ ነው፣ ኔትወርክም አለ፤ ቀዩ በእውነት ቀይ ነው። እዚያ አፑ «በዚህ ዙሩ» ካለ እኔ እዞራለሁ።