«ረን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከነብዙ ትርጉሙ እንዴት እንደምንማረው

ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድ ትጉህ ተማሪ «ዘ ዓባይ ረንስ አራውንድ ጎጃም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ዓባይ በጎጃም ዙሪያ ይሮጣል» ብሎ ተርጉሞ አመጣልኝ። ልጁ ወንዙን ያውቀዋል። ከሰከላው ግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጣና እንደሚገባ፣ ከባሕር ዳር ወጥቶም ጎጃምን እንደ መቀነት ከቦ ወደ ምዕራብ እንደሚሄድ ከልጅነቱ ሲሰማ አድጓል። ቃሉንም ቢሆን አላጣውም፤ መዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ የሰጠው ትርጉም «ሮጠ» የሚል ነው። የጎደለው ነገር አንድ ቃል ከጎኑ በቆመው ቃል ምክንያት ትርጉሙን እንደሚለውጥ የሚያሳይ የአጠናን መንገድ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ለተማሪዎቼ የማሳየውን መንገድ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስለ አጻጻፉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የአሁኑን ጊዜ «ረን»፣ ያለፈውን ጊዜ ደግሞ «ራን» ብዬ እጽፋለሁ፤ «ሀቭ» የተባለው ረዳት ግስ ሲቀድመው ቃሉ ተመልሶ «ረን» ይሆናል። ልዩነቱ የአንዲት አናባቢ ስለሆነ ጆሮን ማለማመድ ያስፈልጋል።

ትርጉሞቹን አንድ በአንድ እሸመድዳለሁ ብለው የሚነሡ ካሉ ገና ከጅምሩ ቢተዉት ይሻላቸዋል። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ቃል ለአዲሱ እትም ሲመረምሩት በግስነቱ ብቻ 645 ትርጉሞች ቆጥረውለታል። በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመው ሁለተኛ እትም በትርጉም ብዛት ቀዳሚ የነበረው «ሰት» የተባለው ግስ የያዘው 430 ያህል ነበር። እንዲህ ያለውን ብዛት በቃል የሚይዝ የለም፤ እንግሊዞቹም በቃላቸው አይዙትም።

የመጀመሪያው ሥራ እንግሊዝኛውን ለጊዜው ትቶ የራስን ቋንቋ መመርመር ነው። «ቆረጠ» የሚለውን ቃል ይውሰዱ። ሰው እንጨት ይቆርጣል፤ ትኬት ይቆርጣል፤ ዋጋ ይቆርጣል፤ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሆዱንም ይቆርጠዋል። መናኸሪያ ሄዶ «የባሕር ዳር ትኬት ቆረጥሁ» የሚልን ሰው ቢላዋ ይዞ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ «ትኬት» የሚለው ቃል አጠገቡ በመቆሙ ብቻ ትርጉሙ ይታወቃል። ይኸው ሰው በእንግሊዝኛ «ከት ኤ ቲኬት» ቢል ግን ሰሚው ትኬቱ በመቀስ የተቆረጠ ይመስለዋል፤ በዚያ ቋንቋ ትኬት የሚሄደው «ባይ» ወይም «ጌት» ከሚሉት ግሶች ጋር ነውና። «ያዘ»ን፣ «መታ»ን ወይም «ወጣ»ን መርጠው ከዕለት ንግግርዎ አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ይህን ሳይሠሩ ወደሚቀጥለው እንዳይሻገሩ አደራ እላለሁ፤ በራሱ ቋንቋ ይህን ያላስተዋለ ሰው በባዕድ ቋንቋ ሊያስተውለው ይቸገራል።

ለጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ የተማረ ሰው አንድ ቃል ሰምና ወርቅ አዝሎ በሁለት መንገድ እንዴት እንደሚሄድ ዘመኑን ሙሉ ሲመረምር ኖሯል። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። ባለቅኔው በኅብር ቃል ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ጊዜ ይፈልጋቸዋል፤ ተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ግን ከብዙዎቹ አንዱን ብቻ ለይቶ ሌላውን መተው አለበት። የቃሉን ጎረቤቶች የመመርመሩ ልማድ ግን ያው ነው።

ቀጥሎ የቃሉን እምብርት ይፈልጉ። የ«ረን» እምብርት ሳይቋረጥ በአንድ መሥመር መጓዝ ነው ብል እውነቱን አልስትም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሪናን» የተባለው አባቱ ለእግርም ለውኃም ያገለግል ነበር፤ ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛው «ሪነን» እስከ ዛሬ የሚያገለግለው ለፈሳሽ ነው። ስለዚህ የውኃ መፍሰስ በኋላ የተጨመረ ጌጥ ሳይሆን ከሥሩ የነበረ ትርጉም ነው። ይህን እምብርት የያዘ ሰው ሞተርም፣ መንገድም፣ አውቶቡስም በዚሁ ቃል የሚነገሩበት ምክንያት ይገባዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚለው ነው፤ እኔም ተማሪዎቼን ከሁሉ ይልቅ የማቆያቸው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ሰው ወይም እንስሳ ከሆነ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ «ሮጠ» ነው። ወንዝ ከሆነ «ፈሰሰ» ይባላል። አፍንጫ ከሆነ «ንፍጡ ይወርዳል» እንላለን። ወፍጮ ወይም ሌላ ሞተር ከሆነ «ሠራ» ነው፤ «ዘ ሚል ረንስ ኦን ዲዝል» ማለት «ወፍጮው በናፍጣ ይሠራል» ማለት ነው። መንገድ ከሆነ «ይዘልቃል» ወይም «ይሄዳል» እንላለን፤ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓባይ በረሃ ወርዶ፣ በደጀን ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ በእንግሊዝኛ «ረንስ» ይባልለታል። በየቀኑ የሚመላለስ አውቶቡስም እንዲሁ ነው። የቀሚስ ጥለት ታጥቦ ቀለሙ ወደ ነጩ ሲዛመት እንግሊዞቹ አሁንም ያንኑ ቃል ያመጣሉ፤ እኛ «ቀለሙ ለቀቀ» እንላለን። ባለቤቱ በተለወጠ ቁጥር አማርኛው ግሱን ሲለውጥ እንግሊዝኛው ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ተርጓሚው ለ«ረን» አንድ አማርኛ መፈለጉን ትቶ ባለቤቱ በአማርኛ ከየትኛው ግስ ጋር እንደሚሄድ ራሱን ይጠይቅ።

ከዚያ በኋላ ግሱ ተሳቢ እንዳለው ይመልከቱ። ሰው ባለቤት ሆኖ ሱቅ፣ ድርጅት ወይም ትምህርት ቤት ተሳቢ ሆኖ ከተከተለ ትርጉሙ «አስተዳደረ» ወይም «መራ» ነው። «ፊቨር» ከተከተለ ሰውዬው አተኩሶታል ማለት ነው፤ «ሪስክ» ከተከተለም ራሱን ለአደጋ አጋልጧል።

አምስተኛውና ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር ከግሱ በኋላ የምትመጣው ትንሽ ቃል ናት። «ረን አወይ» ኮበለለ፣ «ረን ኦቨር» መኪና ሰውን ገጨ፣ «ረን ኢንቱ» ሳያስበው ተገናኘ ወይም ተጋጨ፣ «ረን ፎር» ለምርጫ ተወዳደረ ማለት ናቸው። «ረን አውት ኦቭ» ግን ለብቻው ጥናት ይፈልጋል። «ዊ ራን አውት ኦቭ ቴፍ» የሚለው በአማርኛ «ጤፍ አለቀብን» ይሆናል። በእንግሊዝኛው ባለቤቶቹ እኛ ነን፤ በአማርኛው ግን ባለቤቱ ጤፉ ነው፤ እኛ የቀረነው በ«ብን» ውስጥ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ተማሪ ባለቤቶቹን አቀያይሮ «ቴፍ ራን አውት ኦቭ አስ» ብሎ ይጽፋል፤ ይህም በእንግሊዝኛ ምንም ትርጉም አይሰጥም። በ«ብኝ»፣ «ብህ»፣ «ብን» የሚያልቅ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሲገጥምዎ ቆም ብለው በእንግሊዝኛው ባለቤቱ ማን እንደሚሆን ይወስኑ። ይህች አንዲት ጥንቃቄ ከዚህ ቃልም አልፋ ለብዙ ሌሎች ግሶች ታገለግላለች።

ቃሉ በስምነትም ያገለግላል። በኃይሌ ገብረ ሥላሴ አነሣሽነት በ1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ታላቁ ሩጫ በእንግሊዝኛ ስሙ «ግሬት ኢትዮጵያን ረን» የሚባለው በዚህ አገባብ ነው። «ኢን ዘ ሎንግ ረን» የሚለውን ደግሞ «በረጅም ሩጫ» ብለው እንዳይተረጉሙት፤ «ውሎ አድሮ» የሚል ከዚያ የማያንስ አማርኛ አለን።

በመጨረሻ ደብተር ያዘጋጁና ቃሉን ለብቻው ሳይሆን በየጊዜው ያገኙትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ከጎኑም ጎጃም ውስጥ እናትዎ ወይም ጎረቤትዎ እንደሚናገሩት አድርገው አማርኛውን ያስፍሩ። ከሳምንት በኋላ እንግሊዝኛውን በወረቀት ሸፍነው ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። ለመነሻ የሚሆን አንድ ልስጥዎ፦ «ዘ ሚል ስቶፕት ረኒንግ ቢኮዝ ዊ ራን አውት ኦቭ ዲዝል፣ ሶ ዘ ቦይ ራን ቱ ታውን።» ቃሉ ሦስት ጊዜ መጥቷል። አማርኛው «ናፍጣ ስላለቀብን ወፍጮው መሥራት አቆመ፤ ስለዚህ ልጁ ወደ ከተማ ሮጠ» ይሆናል፤ ከሦስቱ «ሮጠ» የሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው።