ላፕቶፑ ሲግል፦ ፋን ከመግዛታችሁ በፊት

ላፕቶፕ ሲግል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፋኑን ነው። እኔ ከከፈትኳቸው አብዛኞቹ ግን ፋናቸው ጤነኛ ነበር። አየሩ መውጫ አጥቶ ነው የሚግሉት።

አሠራሩን ካወቃችሁት ፍተሻው ይቀላል። ፕሮሰሰሩ ላይ ጠፍጣፋ የመዳብ ቧንቧ ተኝቷል። ቧንቧው ሙቀቱን ጠርዝ ላይ ወዳለ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ስስ ብረት ይወስደዋል። ፋኑ ከታች አየር እየሳበ በጥርሶቹ መሀል ያስወጣዋል። የመኪና ራዲያተር በሉት።

ፋኑ ይጮኻል፣ ንፋስ ግን የለም

ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አየር መውጫው ፊት ያዙ። ፋኑ እየጮኸ ሶፍቷ ካልተገፋች፣ መሀል ላይ የዘጋ ነገር አለ። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ እንዲህ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈች በየሃያ ደቂቃው ድርግም ይልባታል። ያሳየችው ጠጋኝ «ማዘርቦርዱ ሄዷል» ብሏት በጣም ደንግጣ ነበር። ከፍቼ ፋኑን ሳነሳው፣ በፋኑና በጥርሶቹ መሀል አቧራው እንደ ባዘቶ ተጠፍጥፎ ተኝቷል። በወረንጦ ጫፉን ይዤ ስስበው እንዳለ ወጣ፤ ግራጫ፣ ጣት የሚያህል። ከዚያ በኋላ አልጠፋም።

ይህ ጥፍጥፍ ከውጭ አይታይም። በቀዳዳው በኩል እፍ ማለትም መልሶ ወደ ፋኑ ይገፋዋል እንጂ አያስወጣውም። መክፈት ግድ ነው። ዋስትናው ካላለቀ ግን ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ለሸጣችሁ ውሰዱት።

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፤ ስሊፕ አይበቃም። ቻርጀሩን ንቀሉ። ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቪቴ ፍቱና ወረቀት ላይ እንደነበሩበት ቦታ ደርድሯቸው፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርድ ሊበሳ ይችላል። ክዳኑ እንደተነሳ የባትሪውን ሽቦ አላቁ። ከዚያ ፋኑን አንሱና ጥፍጥፉን አውጡ፤ የቀረውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ንፋስ የምትነፉበት ከሆነ ክንፎቹን በስቴኪኒ ያዟቸው፤ በንፋስ ኃይል ከመጠን በላይ ከተሽከረከሩ ፋኑ ይጎዳል። ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ይቅርባችሁ። ግፊቱ ከባድ ነው፣ ከአየሩ ጋር ውሃም ይወጣል።

መንገድ ዳር ቤት ላለው ይህን በዓመት አንዴ ማድረግ አይበዛም። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ቀኑ ቀዝቃዛ መሆኑ ያካክሰዋል፣ ግማሹ በተደፈነ ጊዜ ግን ስስነቱ ይሰማል።

ይግላል፣ ፋኑ ግን ድምፁ የለም

መጀመሪያ ፋን እንዳለው እርግጠኛ ሁኑ። ከ2020ው ኤም 1 ጀምሮ ያሉት ማክቡክ ኤሮች ፋን የላቸውም፤ ዝም ማለታቸው ብልሽት አይደለም።

ፋን ካለው ማሽኑ ራሱ ይናገር። ዴል ላይ ስታበሩት ኤፍ 12ን ደጋግማችሁ ተጫኑና ዳያግኖስቲክስ የሚለውን ምረጡ፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 2 ነው። ፍተሻው ፋኑን አስነስቶ መሽከርከሩን ያያል። ኤችፒ ሲነሳ 90ቢ የሚል የፋን መልእክት ካወጣ፣ ወይም ቲንክፓድ «ፋን ኤረር» ብሎ ከጠፋ፣ ፋኑ ወይ ቆሟል ወይ ሽቦው ተላቋል። ከመግዛታችሁ በፊት ከፍታችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሱት፤ በጣታችሁም አሽከርክሩት። በነጻነት መዞር አለበት። ከከበደ ወይም ከተንገጫገጨ ውስጡ አልቋል። ዘይት ጠብ ማድረግ ለጥቂት ሳምንት ያስታግሳል፣ ከዚያ መቀየር ነው። ስትገዙ በላፕቶፑ ስም ብቻ አትጠይቁ፤ ፋኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። አንድ ሞዴል ላፕቶፕ ሁለት ሦስት ዓይነት ፋን ሊኖረው ይችላል።

ንፋሱ ደህና ነው፣ ግን አሁንም ይግላል

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀርን (የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) እዩ። ምንም ሳትሠሩ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) የሚለው ቁጥር ከፍ ብሎ ከቆመ፣ የሚያግለው ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። እሱን ዝጉት። አልጋ ላይ የምትጠቀሙም የታችኛው ቀዳዳ በብርድ ልብስ እየታፈነ ነው፤ ላፕቶፑን ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጡት።

እንደ ኮር ቴምፕ ያለ ነፃ ፕሮግራም ዲግሪውን ያሳያል። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከ40 እስከ 55፣ ሥራ ሲበዛበት ከ80 እስከ 90 ያለ ነው። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ሲጠጉ ራሳቸውን ያዘገያሉ፤ ድንገት የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። ካልበረደ ይጠፋሉ።

አቧራው ተጠርጎ፣ ንፋሱ ወጥቶ፣ ዲግሪው ግን ሥራ ስትጀምሩ በሰከንዶች ውስጥ ከዘለለ፣ ቴርማል ፔስቱ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩና በመዳብ ቧንቧው መሀል የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ደርቋል። ያገለገለ ላፕቶፕ ለገዛ ሰው ይህ የተለመደ ነው። የድሮው ፔስት እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ቧንቧውን አንስታችሁ በአልኮል አጥቡት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት ፕሮሰሰሩ መሀል ላይ ጣሉና ቧንቧውን መልሱ። ቧንቧውን በያዘው ብረት ላይ፣ ከብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር አለ፤ ብሎኖቹን በዚያ ቅደም ተከተል በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ።

የመዳፊቱ ሰሌዳ (ታችፓዱ) ወደ ላይ ተነስቷል

ግለቱ ከዚህ ጋር ከመጣ፣ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ ባትሪው አብጧል። ወዲያው አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ፋኑን መፈተሹ ይቅር። ባትሪውን የሚያውቅ ሰው ያውጣው። በካቻቪቴ ፈልቅቃችሁ ለማንሳት አትሞክሩ፤ ከተወጋ በእሳት ይያያዛል።