ማገገሚያ ቤት ጥየቃ ስትሄዱ ጠላ አትያዙ

ርዕሱ ቀልድ አይደለም። እኔ ራሴ ይዤ ሄጃለሁ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። የሚካኤል ማኅበርተኞች ተሰባስበን ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ወዳለ የቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ሄድን። ግቢው ውስጥ የሱስ ማገገሚያ አለ። ከግቢው ውጭ ደግሞ በየሰፈሩ የጤና ትምህርት ይሰጣሉ። ዝክራችን እንደ ወትሮው ነው፦ ድፎ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ በጀሪካን ጠላ። "ቅራሪ ነው፣ አያሰክርም" ተባባልን። ይህን ካሉት አንዷ እኔ ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት በነርስነት የሠራሁት ሴትዮ! ዘበኛው ጀሪካኑን ከፍቶ አሸተተና "ሲስተር፣ ይሄ እንኳ አይገባም" አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቡድን ይዤ ሄጃለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የምነግረውን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ደውሉ። "ለጽድቅ ነው የመጣነው" ብላችሁ በር አታንኳኩ። ጠዋት አብዛኛውን ጊዜ የምክርና የቡድን ውይይት ሰዓት ነው፤ ከምሳ በኋላ ይሻላል። ስንት ሰው እንደምትሆኑ ተናገሩ። ከስምንት በላይ ከሆናችሁ ተከፋፍላችሁ ሂዱ። ሃያ ሰው አንድ ክፍል ሲገባ ጥየቃ መሆኑ ይቀርና ለቅሶ ቤት ይመስላል።

አዲስ የገባ ሰው ካለ "እሱንም እንየው" አትበሉ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። አንዳንዱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ የሚመስል ነገር ይጥለዋል። ሦስተኛው ቀን ገደማ የሌለ ነገር ማየት የሚጀምርም አለ። ይህ ሊገድል ይችላል፤ የሐኪም ሥራ እንጂ የጠያቂ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለም "ክፍል ዘግተን እናስቁመዋለን" አትበሉ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጫት ሌላ ነው። ያቆመ ሰው ይደክመዋል፣ ይከፋዋል፣ እንቅልፍ ያበዛል፤ ሌሊት ደግሞ ዱካክ አያስተኛውም። ከእኛ አንዷ አልጋ ላይ የተኛ ወጣት አይታ "እዚህም መጥቶ ይተኛል?" አለች። እንዲህ ያለውን ነገር ዋጥ አድርጉት።

የምትይዙትን ነገር እነሱን ጠይቁ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ኦሞ፣ ካልሲ፣ የእግር ኳስ ሁሌም ይፈለጋል። ምግብ ከሆነ ጾም መሆን አለመሆኑን እዩ። ሽቶና አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ቤት ይቅር። ብርዝም ቢሆን ካደረ ይፈላል። ከጠላው በኋላ ተምሬያለሁ ብዬ ኦቾሎኒና ለስላሳ ገዝተን ሄድን። አንዱ ልጅ አየት አደረገንና "ሲስተር፣ ጫቱን ረሳችሁት እንዴ?" አለ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔ ግን ላብ ላብ አለኝ። የበርጫ ዕቃ አሟልተን ነበር የመጣነው፤ ዕጣን ብቻ ነው የጎደለው።

ብር በሰው እጅ አትስጡ። ሐራራ የያዘው ሰው ኪሱ ውስጥ መቶ ብር ካለ አጥሩ አጭር ይሆንበታል። ለድርጅቱ ስጡ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ትልቅ ገንዘብ ከሆነ የምዝገባ ወረቀታቸውን ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚመዘግባቸው ባለሥልጣን አለ፤ ደኅና ድርጅት ይህን ብትጠይቁት አይከፋውም።

ስትቀመጡ "ስንት ዓመት ቃምክ?" ብላችሁ አትጀምሩ። ስለ አገሩ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ኳስ አውሩ። ሊነግራችሁ ከፈለገ ራሱ ይነግራችኋል። "ሱሰኛ" የምትለዋን ቃል በር ላይ ተዉአት። ስልካችሁንም እንደዚያው። ከአሜሪካ የመጣች የእኅቴ ልጅ ቪዲዮ ልትቀርጽ ስልኳን ስታወጣ አንድ ጋሼ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። እሳቸው እዚያ መሆናቸውን ልጆቻቸው አያውቁም ነበር።

ደግሞ "መድኃኒቱን ተወው፣ ጠበል ይበቃሃል" የሚል ጠያቂ አይጠፋም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። እዚህም ያው ነው። ጠበሉን እሱ ይጠጣል፣ ኪኒኑን ደግሞ ነርሷ ትሰጠዋለች፤ እናንተ መሃል አትግቡ።

ጊዜ ካላችሁ የሰፈሩን ትምህርት ሳታዩ አትመለሱ። እኔ የምወደው እሱን ነው። አዳራሽ የለም፣ ማይክ የለም። የአንዷ ጎረቤት ቤት ቡና ይፈላል፣ ሴቶቹ በበርጩማ ይቀመጣሉ፣ አስተማሪዋ አቦሉ ሲቀዳ ወሬውን ትጀምራለች። በረካ ላይ ሲደረስ እሷ ዝም ብላለች፣ የሚያወሩት ሴቶቹ ናቸው። እንግዳ ሆናችሁ ንግግር አድርጉ ብትባሉ እንኳ አመስግናችሁ ቡናችሁን ጠጡ።

አንድ ቀን ወሬው ስለ አረቄ ነበር። አንዲት እናት "አውጥቼ ካልሸጥኩ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?" አለች። እኔ አፌን ልከፍት ስል አስተማሪዋ ቀደመችኝ። አልተከራከረቻትም። "ለእነማን ነው የምትሸጪው?" ብቻ አለቻት። ከዚያ ወደ ሕጉ መጡ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ሴትየዋ አታውቅም ነበር። "የማስተርስ ልጅ እንኳ መጥቶ ቢጠይቀኝ መታወቂያ አሳየኝ እላለሁ" አለችና ቤቱን በሳቅ ሞላችው። የዚያን ቀን አረቄ ማውጣቷን አልተወችም። በሚቀጥለው ቡና ግን ወንበሯን ይዛ ቀድማ መጣች።

መሄጃ ሰዓት ሲደርስ ደጅ ድረስ ይሸኟችኋል። "መቼ ትመጣላችሁ?" ይላሉ። "በቅርቡ" አትበሉ። ቀን ካላወቃችሁ "አላውቅም" በሉ። እኔ አንዴ "ለሚካኤል" ብዬ ወጣሁና ሥራ ይዞኝ በአሥራ ሦስት ሄድኩ። እኚያ ፊታቸውን የሸፈኑት ጋሼ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩኝና "ሚካኤል እኮ ትናንት ነበር" አሉኝ።