ሎክ ፋይሉን አትሰርዙት፦ የፓኬጅ-ሎክ ጄሰን ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ምልክቱ፦ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ፕሮጀክት ሰርቨሩ ላይ «ኤንፒኤም ሲአይ» (npm ci፤ ኤንፒኤም የተባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ መጫኛ ሎክ ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ እንዲጭን የሚያዝ ትእዛዝ) ሲደርስ ይቆማል። ፓኬጅ ጄሰን (package.json፤ ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸው ፓኬጆች ዝርዝር) እና ፓኬጅ-ሎክ ጄሰን (package-lock.json፤ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ትክክለኛ ዕትም የሚይዘው ሎክ ፋይል) አልተስማሙም ይላል።

መንስኤው ደጋግሞ የሚገጥመኝ ያው አንዱ ነው። ሁለት ሰዎች በየቅርንጫፋቸው (በየራሳቸው የኮድ ቅጂ) የተለያየ ፓኬጅ ይጨምራሉ። ሥራቸው ሲዋሃድ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ሎክ ፋይሉን በግጭት ምልክት ይሞላዋል። ያን ጊዜ አንዱ መስመሮቹን በእጁ እየመረጠ ያስቀራል፤ ፋይሉም ይጎድላል፣ ሰርቨሩም ይጮኻል። ይህ ደግ ስሕተት ነው፤ ቢያንስ ይናገራል።

ክፉው ሎክ ፋይሉንና ኖድ ሞጁልስን (የተጫኑት ፓኬጆች የሚቀመጡበትን ፎልደር) ሰርዞ እንደገና መጫን ነው። ፓኬጅ ጄሰን ላይ «^1.2.3» የሚል ጽሑፍ ከ2.0.0 በታች ያለ አዲስ ዕትም ሁሉ ይግባ ማለት ነው። ሎክ ፋይሉ ሲጠፋ ይህ በር በመቶዎች ለሚቆጠሩ ፓኬጆች ባንድ ጊዜ ይከፈታል። አንድ ዓርብ ማታ አንድ ባልደረባችን እንዲህ አደረገ። ፓኬጅ ጄሰን ላይ አንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም፤ የደረሰኞቻችን ቀን ግን በአንድ ቀን ወደኋላ መጻፍ ጀመረ። ስሙን ሰምተነው የማናውቅ፣ ሌላ ፓኬጅ ጎትቶ ያመጣው የቀን ማስያ ዕትሙ ተቀይሮ ነበር። ሁለት ሌሊት የራሳችንን ኮድ ስንበረብር አደርን። የቀድሞውን ሎክ ፋይል ከጊት መመለስ የፈጀው 10 ደቂቃ ነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ የፓኬጅ ጄሰንን ግጭት በእጃችሁ ፍቱ፤ እሱ አጭር ነው፣ አንብቡት። ቀጥሎ ሎክ ፋይሉን ከዋናው ቅርንጫፍ እንዳለ አምጡ። ከዚያ «ኤንፒኤም ኢንስቶል --ፓኬጅ-ሎክ-ኦንሊ» (npm install --package-lock-only) በሉ፤ የጎደለውን ብቻ ይጨምራል። በመጨረሻ «ኤንፒኤም ሲአይ» አስኬዱና ፈትሹ። ሎክ ፋይሉን በጊት ኢግኖር (ጊት የማይመዘግባቸው ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ የምታስገቡ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት!

ሰርቨሩ የሊኑክስ ሮልአፕ (የኮድ ፋይሎችን የሚያጠቃልል መሣሪያ) ፋይል የለም ካለ፣ ማክ ወይም ዊንዶውስ ላይ ኖድ ሞጁልስ ሳይነካ ሎክ ፋይሉ ብቻ ተሰርዞ ተሠርቷል። የቀድሞውን ከጊት መልሱ፣ ኖድ ሞጁልስን ሰርዛችሁ ጫኑ።

አንድ ፓኬጅ ጨምራችሁ ፋይሉ በሙሉ ከተለወጠ የኤንፒኤም ዕትማችሁ ይለያያል፦ 6 የሎክ ዕትም 1ን፣ 7 እና 8 ዕትም 2ን፣ 9 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ዕትም 3ን ይጽፋሉ። ቡድኑ በአንዱ ይስማማ።

«ኢኢንቴግሪቲ» (EINTEGRITY፤ የወረደው ፓኬጅ ሎክ ፋይሉ ከመዘገበው አሻራ ጋር አልገጠመም የሚል ስሕተት) ካለ «ኤንፒኤም ካሽ ቬሪፋይ» (npm cache verify) ሞክሩ።

ያርን ሎክ (ያርን የተባለው ሌላ ፓኬጅ መጫኛ የሚጽፈው ሎክ ፋይል) ከፓኬጅ-ሎክ ጎን ከተቀመጠ ቡድኑ የማይጠቀምበትን አስወግዱ።