የኦቫሪ ቲሹ መንገድ ላይ እንዳይሞት

አንዲት ሴት እንቁላሏን ሊጎዳ የሚችለውን የካንሰር መድኃኒት (ኬሞ) ከመጀመሯ በፊት፣ እንቁላል የሚያመርተው ኦቫሪዋ ወይም ከፊል ሥጋው (ቲሹው) ወጥቶ በጥልቅ ቅዝቃዜ ይቀመጥላታል። ስትድን መልሶ ይተከልላታል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ልጅ ቤልጂየም ውስጥ በ2004 ተወለደ። ዛሬ ከ200 በላይ ናቸው። ለአቅመ ሔዋን ላልደረሰች ልጅ ደግሞ የሚቀመጥላት የበሰለ እንቁላል ስለሌላት ተስፋዋ ይኸው ነው። ላብራቶሪ በር ላይ ቲሹው የሚመጣበትን ብልቃጥ የምቀበለው እኔ ነኝና ማየት የሰለቹኝን ስህተቶች ልጻፍ።

ፎርማሊን። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ተቆርጦ የወጣ ነገር ሁሉ እንዳይበሰብስ በሚያደርገው በዚህ ኬሚካል ውስጥ ይገባል፤ እጅ ለምዶታል። ፎርማሊን የነካው ኦቫሪ ግን አበቃለት። የማጓጓዣው ፈሳሽ ቀድሞ ክፍሉ ውስጥ ይግባ፤ ነርሷንም በአፍ ንገሯት። ወረቀት ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም። ሐኪሙም ሲያወጣው በኤሌክትሪክ እያቃጠለ ባይቆርጠው ይመረጣል።

የሚያንገበግበኝ ግን የበረዶው ጉዳይ ነው። «ቀዝቃዛ ይሁን» ሲባል፣ ይበልጥ በቀዘቀዘ ቁጥር ይሻላል ብሎ የሚያስብ ሰው አያልቅም። አይስ ፓኩን ከፍሪዘር ያወጣል፣ ብልቃጡን እላዩ ላይ ያስተኛል፣ ሳጥኑን ይዘጋል። በቃ! አንድ ጊዜ ከሌላ ሆስፒታል የመጣ ሳጥን ስከፍት ብልቃጡ ከአይስ ፓኩ ጋር ተጣብቋል። በአንድ ጎኑ ፈሳሹ ስስ የበረዶ ቅርፊት ሠርቶ፣ የቲሹው ጫፍ እዚያ ውስጥ ተይዟል። ልጅቷ ኬሞ ልትጀምር ቀናት ቀርተዋታል፤ ለሁለተኛ ቀዶ ጥገና ጊዜ የላትም። በረዶው ያልደረሰበትን ወገን ብቻ ቆርጠን አስቀመጥን።

ምክንያቱ ይኼ ነው። ትኩስ ቲሹ እንዲሁ በረዶ ሲሠራ በሴሎቹ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ይበጣጥሳቸዋል። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ስናቀዘቅዘው በመጀመሪያ እንደ ዲኤምኤስኦ ያለ ከበረዶ የሚጠብቅ ፈሳሽ (መከላከያ) እናጠጣዋለን። ከዚያ በማሽን፣ በአንዳንዱ ደረጃ ላይ በደቂቃ 0.3 ዲግሪ ያህል ብቻ እየቀነስን እንወርዳለን። ፍሪዘር ውስጥ ያደረ አይስ ፓክ ይህን ሁሉ አያውቅም። መንገድ ላይ የሚፈለገው 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚቀልጥ በረዶ ከዜሮ አይወርድም፣ ስለዚህ የተሻለ ወዳጅ ነው። አይስ ፓክ ከሆነ እስኪያልበው ውጭ ይቆይ፤ በእሱና በብልቃጡ መካከል ወፍራም ካርቶን ወይም ስፖንጅ ይግባ። ሙቀት መዝጋቢም አብሮ ይጓዝ። በአግባቡ ከታሸገ መንገዱ ራሱ አያስፈራም። ዴንማርክ ውስጥ ከሌሎች ከተሞች ወደ ኮፐንሃገን በበረዶ ላይ ለሰዓታት ይጓዛል። ጀርመን ውስጥ አድሮ ቦን የሚደርስ አለ። ከሁለቱም ልጆች ተወልደዋል።

ድራይ አይስ (የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ለትኩሱም ላብራቶሪ ውስጥ ለቀዘቀዘውም አይሆንም። ትኩሱን ይገድለዋል። ለቀዘቀዘው ደግሞ 78 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገና ሞቃት ነው። የእሱ ቦታ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፣ ከዜሮ በታች 196።

የቀዘቀዘውን የሚያጓጉዘው ድራይ ሺፐር የሚባለው የናይትሮጅን ዕቃ ነው። ናይትሮጅኑን ግድግዳው ይመጠዋል፤ ሞልቶ ወዲያው መላክ አይሆንም። መምጠጡን እስኪያቆም መጠበቅ፣ የተረፈውን ፈሳሽ መድፋት፣ መመዘን። ክብደቱ ከተለመደው ካነሰ አይነሳም። መንገድ ላይ በጎኑ ካስተኙት ቅዝቃዜውን ቶሎ ይጨርሳል። ኤርፖርት ላይ እንዳይከፈትና በኤክስሬይ እንዳያልፍ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ልፋቱ ዋጋ አለው። ታላሴሚያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ የነበረባት አንዲት የዱባይ ልጅ በልጅነቷ ኦቫሪዋ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ላይ ተቀምጦላት ነበር። ካደገች በኋላ ዴንማርክ ውስጥ ተተከለላት። በታኅሣሥ 2016 ለንደን ላይ ወለደች።

ቁራጩ ከ1 ሚሊሜትር ብዙ አይወፍር፤ ከወፈረ መከላከያው ወደ ውስጥ አይደርስም።

የሴቲቱ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ምርመራ ውጤት ሳይደርስ ቲሹዋ ከሌሎች ጋር አንድ የናይትሮጅን ታንክ ውስጥ አይገባም።

የአንዲት ሴት ቁራጮች በሙሉ አንድ ታንክ ውስጥ አይቀመጡ። በመጋቢት 2018 አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ አንድ ታንክ ሲሞቅ ከ4,000 በላይ እንቁላሎችና ፅንሶች ጠፉ፤ ከርቀት የሚጠራው ደወል ጠፍቶ ነበር። ደወላችሁን ራሳችሁ አስጩኹት፣ ስልኩ ማን ዘንድ እንደሚጠራም ተከታተሉ።

የበሽታው ስም ከቲሹው ጋር ይጻፍ። በተለይ የደም ካንሰር ከሆነ ቲሹው ውስጥ የካንሰር ሴል ሊኖር ስለሚችል ከዓመታት በኋላ የሚተክለው ሐኪም ማወቅ አለበት።

ውጭ አገር ላሉ ወገኖቼ አንድ ነገር። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ብዙ መልክ አለው፤ አንዱ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ይገባል። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመዝግቦ 7 ወይም 8 ዓመት ሲዛነፍም አይቻለሁ። ቲሹው ከ10 ዓመት በላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚፈልገው ሰው ያለው መዝገብ ብቻ ነው። ስሟን ልክ እንደ ፓስፖርቷ፣ ልደቷን በፈረንጅ አቆጣጠር አስጽፉ። የናሙናውን መለያ ቁጥር ተቀብላችሁ ከልደት ሰርተፊኬቷ ጋር አስቀምጡ። አድራሻችሁ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ቲሹው ለተቀመጠበት ባንክ ደውሉ።