ከኔትወርኩ ጋር አልገናኝም ያለው የውኃ መለኪያ

አዘዞ በሚገኘው ቤታችን ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ ስንት ውኃ እንደቀረ የሚለካ ሴንሰር ሠርቼ፣ ግለሰቦች በየቤታቸው በሚተክሏቸው የሬዲዮ መቀበያዎች ከሚሠራውና እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሒሳቡን በሶላና ብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያዝ ዲጂታል መዝገብ) ላይ ከሚመዘግበው የሂሊየም ኔትወርክ ጋር ላገናኘው ብሞክር ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ አለኝ። በሰገነቱ ላይ የተከልኩት መቀበያ የሴንሰሩ የመገናኘት ጥያቄ እንደደረሰው ያሳያል፤ ሴንሰሩ ግን ከ5 እና ከ6 ሰከንድ በኋላ መልስ ለመስማት ሬዲዮውን ሲከፍት ምንም አያገኝም። አንቴናውን ጠርጥሬ ቦታውንም ገመዱንም ቀየርኩ፤ ለውጥ አልነበረም።

ችግሩ የተገኘው ከመለያ ቁጥሮቹ ላይ ነው። የተጠቀምኩበት ኤልሚክ የተባለው ላይብረሪ (ሴንሰሩን ከኔትወርኩ ጋር የሚያነጋግር ዝግጁ ኮድ) የመሣሪያውንና ወደ ኔትወርኩ የመቀላቀያውን መለያ ከመጨረሻው ባይት ወደ መጀመሪያው ተገልብጠው እንዲጻፉለት ይፈልጋል፤ ምስጢራዊውን ቁልፍ ግን እንዳለ ይቀበላል። እኔ ሦስቱንም መሣሪያውን ካስመዘገብኩበት ድረ ገጽ (ኮንሶል) ላይ እንደነበሩ ቀድቻቸው ስለነበር ኔትወርኩ መሣሪያዬን ሊያውቀው አልቻለም። በእኔ እምነት ይህ በላይብረሪው መመሪያ ፊት ላይ በጉልህ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው። ሁለቱን መለያዎች ገልብጬ ስጽፍ በመጀመሪያው ሙከራ ተገናኘ።

አሁን በየግማሽ ሰዓቱ የውኃው ከፍታ በ2 ባይት ይላካል። እስከ 24 ባይት ያለው መልእክት 0.00001 ዶላር ስለሚያስከፍል ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ እናቴም መሰላል ሳታስቆም የቀረውን ውኃ በስልኳ ታያለች።