የዱር ግብጦን ከአትክልት ዘመዱ እንዴት መለየትና ማቆየት ይቻላል?

ጎጃም ያደገ ሰው የግብጦን ቅጠል አይስትም። ሰሜን ምዕራብ ኦሃዮ፣ ቶሌዶ ከተማ አጠገብ ኦክ ኦፕኒንግስ የሚባል አሸዋማ አካባቢ አለ። እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ በተራራቁ የኦክ ዛፎች መካከል ሰማያዊ አበባ አየሁ፤ ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ስመለከት ልቤ ደነገጠ። የእኛ ግብጦ ሉፒነስ አልበስ ነው፤ ይኸኛው ሉፒነስ ፔሬኒስ ይባላል። የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

ይህ አበባ እየጠፋ ያለው አሸዋማው መሬት ስለታረሰና ቤት ስለተሠራበት፣ የቀረውም ቦታ እሳት ስለማያገኘውና ቁጥቋጦ ስለዋጠው ነው። ከእሱም ጋር ካርነር ብሉ የተባለችው ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ ትጠፋለች፤ አባጨጓሬዋ ከዚህ ተክል ቅጠል በቀር ሌላ አይበላም። አሜሪካ በፈረንጆች 1992 የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ፍጥረታት ጋር መዝግባታለች።

1. ቦታውንና ወቅቱን ይምረጡ

አሸዋ፣ ፀሐይ፣ የተራራቁ ኦኮች ወይም ጥዶች ያሉበትን ይፈልጉ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን ያብባል። ከመንገዱ አይውጡ፤ የቢራቢሮዋ እንቁላል ከእግርዎ ሥር ሊሆን ይችላል።

2. ቅጠሉን ይቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። ሉፒነስ ፖሊፊለስ የሚባል፣ ከምዕራብ አሜሪካ የመጣ የአትክልት ቦታ ሉፒን አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው። የሁለቱም ቅጠል እንደተዘረጋ እጅ ከመካከል ወጥቶ በጣቶች ይከፈላል። የዱሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 ጣት አለው፤ የአትክልቱ ከ9 እስከ 17። 10 ጣት ቢቆጥሩ ታዲያ የትኛው ነው? ቁጥር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ስለዚህ ጫፉን ይመልከቱ። የዱሩ ጣቶች አጫጭር፣ ጫፋቸውም ዱልዱም ነው፤ የአትክልቱ ረጃጅምና ሹል ናቸው። ቀጥሎ ቁመቱን ያስተያዩ፦ የዱሩ ከ60 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ አበባዎቹም በዘንጉ ላይ ፈንጠር ፈንጠር ብለው ይቀመጣሉ። ያኛው ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ አበባው ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን ሮዝ፣ ነጭና ቀይም ይሆናል። አንድ ተክል አይተው አይፍረዱ፤ ቢያንስ አምስት ስድስት ይመልከቱ።

በመጀመሪያው ዓመት «የዱር አበባ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓኬት ገዝቼ በጓሮዬ ዘራሁ። ፓኬቱ ላይ ያለው ሥዕል ሰማያዊ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወገቤ የሚደርስ ሮዝና ነጭ አበባ በቀለ። ሁለቱ ሊዳቀሉ እንደሚችሉ ሳውቅ ፍሬ ሳይዙ ሁሉንም ነቀልኳቸው። የሁለት ዓመት ድካም ነበር፤ ግን ንቦች ዱቄቱን ወደ ዱሩ እንዲወስዱት መተው አልችልም ነበር። ፓኬቱ ላይ የሳይንስ ስሙ ካልተጻፈ አይግዙ። በአካባቢዎ የበቀለ የአገር በቀል ተክል ዘር ከሚሸጥ ሰው ይግዙ፤ ከጥብቅ ሥፍራ ግን አንድም ፍሬ አይልቀሙ።

3. ዘሩን ያዘጋጁ

ተክሉን ነቅሎ ማዛወር የማይታሰብ ነው፤ ዋናው ሥሩ ወደ ታች በጣም ስለሚጠልቅ ሲቆረጥ ይሞታል። መንገዱ ዘር ብቻ ነው። የዘሩ ሽፋን ጠንካራ ስለሆነ ውኃ አያስገባም። በሁለት የብርጭቆ ወረቀት መካከል አድርገው በቀስታ ይሹት፣ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ሌሊቱን ይዘፍዝፉት። ያበጠው ተዘጋጅቷል፤ ያላበጠውን እንደገና ይሹት። ከብርዱ ወራት በፊት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ከዘሩት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፣ ሥራውን ብርዱ ይሠራዋል። እኔ ይህን እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ አደራ የምለው፦ እንደ ግብጦ ቆልተው፣ ዘፍዝፈው ለመብላት አይሞክሩ። ጥሬው መርዛማ ነው፤ የእናቶቻችን ዘዴ የተፈተነው በእኛው ግብጦ ላይ ነው።

4. ይዝሩና ይታገሱ

አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ያልብሱት። ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ በሥሩ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዱለታል፣ የደለበ አፈር የሚጠቅመው ሣሩንና አረሙን ነው። ቡቃያውን ከጥንቸልና ከአጋዘን በሽቦ ወንፊት ይከልሉ። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ አበባ የሚታየው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው።

5. ብርሃኑን ይጠብቁለት

ቁጥቋጦው ብርሃኑን እንዳይጋርደው በጥብቅ ሥፍራዎች የሠለጠኑ ሰዎች መሬቱን ተራ በተራ ያቃጥላሉ፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይደለም፣ እንቁላሎቹ አብረው እንዳይነዱ። በጓሮ ግን እሳት የለም፤ መጋዝና መቀስ ይበቃሉ። ፍሬው በጁላይ ሲጠቁር ቅርፊቱ ተጠምዝዞ ይፈነዳና ዘሩን ሜትሮች ርቀት ይወረውራል፤ ከዚያ በፊት በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑት። ሣሩን የሚያጭዱት ቅዝቃዜው ከገባ በኋላ ይሁን፣ ማጨጃውንም ከፍ ያድርጉት፤ የሚቀጥለው ዓመት የቢራቢሮ እንቁላል የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው ከመሬት አጠገብ፣ በደረቀው ግንድ ላይ ነው።